ጋሽ አዝራር እንደተዉት የቀረው አጥንት

ጋሽ አዝራር ዕድሜያቸውን ሙሉ ከከብት አጥንት የልብስ አዝራር ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ፕላስቲክ መጥቶ ገበያቸውን ሲቀማቸው እኛ ላቦራቶሪ ገቡና ያንኑ አጥንት ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ እያሳሱ መቁረጥ ያዙ። ቅጽል ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፤ አንድም ቀን ቅር ብሏቸው አያውቅም። የእኔ ሥራ ሴሎችን መመገብ ነው። እሳቸው በቆረጡት ስስ አጥንት ላይ ትንንሽ ሴሎችን አስቀምጬ እቀልባለሁ።

ሴሎቹ ሲመቻቸው እርስ በርስ እየተዋሐዱ ትልልቅ ቆፋሪዎች ይሆናሉ፤ ከዚያ አጥንቱን እየቦረቦሩ ይበሉታል። ጨለምለም ባለው ክፍላችን፣ በማይክሮስኮፑ ጉድጓዶቹ ሲታዩ፣ ሰው ሳያውቀው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ጋሽ አዝራር መጀመሪያ ሰሞን "አቤት ሲያምር! እንዲህ ያለ እጅ እኔም አልነበረኝ" ይሉ ነበር። ሚስታቸው ደረጃ ላይ ወድቀው የእጃቸው አንጓ ሲሰበር ግን ሐኪሙ አጥንታቸው መሳሳቱን ነገራቸው። ከዚያ ወዲህ ቆፋሪዎቹ የጋሽ አዝራር ደመኛ ሆኑ። ሌሊት እሳቸው ራሳቸው በሕልማቸው በሚስታቸው አጥንት ውስጥ ይሄዳሉ አሉ፤ ነጭ ኮሪደር ነው፣ ከግድግዳው ወዲያ የመጋዝ ድምፅ ይሰማል፣ አንዱን በር ሲዘጉ ሌላው ይከፈታል።

ቀን ደግሞ ሚስታቸው ላይ በር ይዘጋሉ። አንጓው ከዳነ ቆይቷል፤ ሐኪሙም "ይራመዱ፣ ያልሠራ አጥንት ይብሱን ይሳሳል" ብሏል። ማን ሰምቶት! ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። የሚስታቸው ታናሽ እህት ጉልበታቸው ደረጃ አያስወጣቸውም፤ ስለዚህ እህትማማቾቹ አንዳቸው ከመስኮት፣ አንዳቸው ከመንገድ እየተጯጯሁ ይጫወታሉ። አሁን ግን ታናሽየዋን ልጃቸው ሩቅ አገር ሊወስዳቸው ነው፤ ቅዳሜ ይሄዳሉ። ሚስትየዋ ወርደው ሊስሟቸው ፈለጉ። ባል ወይ ፍንክች።

"ከመስኮት ይሰናበቱ ብያለሁ" አሉኝ ዓርብ ጠዋት።

ንድድ አለኝ። "ይኼ ምን ዓይነት ጭካኔ ነው፣ ጋሽዬ?"

"ፍቅር ነዋ!"

ወደ ሥራዬ ዞርኩ። ሴል ምግቡን በኦክሲጅን ሲያነድ ፍንጣሪ ያመልጠዋል፤ ሰውነትም ማጥፊያውን አብሮ ያዘጋጃል። ማጥፊያው አንሶ ፍንጣሪው ሲበዛ፣ ትንንሾቹን ሴሎች "ተሰብሰቡ፣ ቆፋሪ ሁኑ" የሚላቸው ጥሪ ይበረታል። እኛም አጥንትና ሴል ካለባቸው ሳህኖች በአንዱ ላይ ገና ከጅምሩ ማጥፊያውን፣ ማለትም አንቲኦክሲዳንቱን ጨምረን ሌላውን እንዲሁ ትተነው ነበር። እንዲሁ የተተወው ተቦርቡሮ ወንፊት ሆኗል። ማጥፊያ ያለበትን ሳሳያቸው አንድም ጉድጓድ የለበትም።

ጋሽ አዝራር በደስታ እጄን ጨበጡ። "ይኼን ለሷ ስጡልኝ!"

"ሳህን ሰው አይደለም፣ ጋሽዬ፤ ገና ብዙ ይቀረዋል። ደግሞ ቆፋሪ ጨርሶ ከጠፋ አሮጌውን አጥንት ማን ያነሳዋል? የእትዬን ስብራት ጠርገው ለአዲሱ አጥንት ቦታ የለቀቁት እነሱ እኮ ናቸው።"

እንደገና ወደ ማይክሮስኮፑ ጎንበስ አሉ። በጣም ስለቆዩ እንቅልፍ የወሰዳቸው መሰለኝ።

"ይቺ የመጋዜ መስመር ናት" አሉ በመጨረሻ። "ማንም አልነካትም። ልክ እኔ እንደተውኳት ናት።" ከዚያ ከማይክሮስኮፑ ቀና አሉ። "ልጄ፣ ሚስቴንም እንዲህ ነው ያስቀመጥኳት።"

ቅዳሜ ጠዋት እኔ የእትዬን ጎን ይዤ፣ ጋሽ አዝራር ከፊት ሆነው የኋሊት እየወረዱ፣ ሚስታቸውን ይዘን ወረድን። በደረጃው መስኮት በገባው የፀሐይ ብርሃን ውስጥ አቧራው ይንሳፈፋል፤ ደረጃው የማያልቅ፣ እኛም የማንቸኩል ሆንን። እትዬ ባረፉበት ሁሉ ግድግዳውን በመዳፋቸው ይዳስሳሉ።

እህታቸው ታች በሩ ላይ ሲያዩዋቸው ዐይናቸውን ማመን አቃታቸው። እጃቸውን ዘረጉ፤ ግን እንዳይሰብሯቸው ፈርተው በጣታቸው ጫፍ ብቻ ትከሻቸውን ነካ አደረጉ።

"ቀስ! ቀስ!" አሉ ጋሽ አዝራር።

"አንተ ዝም በል!" አሉ ሚስታቸው። ከዚያ ወደ እህታቸው ተጠጉ። "ጥብቅ አድርገሽ እቀፊኝ፣ እህቴ። ከተሰበርኩም በአንቺ እጅ ልሰበር።"

እህትየዋ አጥብቀው አቀፏቸው። ጋሽ አዝራር ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው ቆሙ።