ለወንድሜ በሬ ዋስ ፍለጋ

ይህ የሆነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ፣ እዚህ እስራኤል ለፋሲካ ወገቤ እስኪቆረጥ የሰው ቤት ሳጸዳ በከረምኩበት ሰሞን ነው። ሁለት ሽማግሌዎች ያደረጉልኝን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ወንድሜ ታከለ ያኔ ጎንደር ገጠር ነው ያለው። አንዱ በሬው ሞተበት። ከልማት ባንክ ለገበሬ የሚመጣ ብድር ነበር፤ ግን ገበሬዎቹ ቡድን ገብተው እርስ በርስ ዋስ ካልሆኑ አይሰጥም። ታከለን የሚያስገባው ቡድን ጠፋ። «ቤተ እስራኤል ነው፤ ነገ እስራኤል እህቱ ዘንድ ይበራል፤ እዳው እኛ ላይ ይቀራል» አሉ። ዝናብ ሳይገባ ካላረሰ ልጆቹ ምን ሊበሉ ነው? እኔ እንዳልልክለት ባለቤቴ ከሥራ ወጥቷል።

«ዋስ ከሆነ የጠፋው እኔ አለሁ!» ብዬ ፔታህ ቲክቫ ወዳለው ባንካችን ሄድኩ። ጎንደር ላለ በሬ ዋስ ልሁን ስላት ሠራተኛዋ አፏን ይዛ ቀረች። ጮክ ብዬ ስደግምላት ሰልፈኛው ሁሉ ሰማና ሳቀ። አፈርኩ።

ከኋላዬ የቆሙ፣ ከጎረቤት ከተማ ከሮሽ ሃዓይን የመጡ ሽማግሌ ግን አልሳቁም። ወስደው ወንበር ላይ አስቀመጡኝ።

«እኛም የገበሬ መንደራችንን ስንጀምር ባንክ ያበደረን ጎረቤት ለጎረቤት ፈርመን ነው» አሉኝ በዕብራይስጥ። «ልጄ፣ ሩቅ ያለሽው አንቺ አትጠቅሚውም። አጠገቡ የሚያርስ፣ የሚያምነው ሰው የለም? ያላ፣ በይ ቶሎ ለእሱ ደውዪ።»

አያ ደሴ ትዝ አሉኝ፤ ከአባታችን ጋር ወንፈል ይገቡ የነበሩ ክርስቲያን ጎረቤታችን። በገበያ ቀን ከተማ እንዲወጡልኝ ልኬባቸው በስልክ አገኘኋቸው።

«አያ ደሴ፣ ታከለን ቡድናችሁ ውስጥ ያስገቡልኝ።»

«ጥሎኝ ቢሄድስ?» አሉ እየሳቁ።

ማልቀስ ጀመርኩ።

«ቢሄድ እህቱ ዘንድ ነው የሚሄደው። ደህና ገባልኝ ብዬ እከፍላለሁ። በይ አታልቅሺ፣ ስልኩ ይቆጥርብሻል።»

ታከለ በሬውን ገዝቶ አረሰ። ብድሩን ሳይጨርስ የመምጫ ፈቃዱ ደረሰና ቶሎ ና አልኩት። «የአያ ደሴን ስም እዳ ውስጥ ጥዬ አልመጣም» ብሎኝ አዝመራው ተሰብስቦ እዳውን እስኪከፍል ቆየ። እንዴት እንደተናደድኩበት!

ዛሬ ታከለ እዚሁ ፔታህ ቲክቫ፣ ክፋር ጋኒም ሰፈር፣ ከእኛ ሁለት ሕንፃ አለፍ ብሎ ይኖራል። አያ ደሴ አርፈዋል። የባንኩን ሽማግሌ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኋቸውም፤ ባሉበት እግዚአብሔር ይስጣቸው። ታከለ ያኔ ሰምቶኝ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ግን፣ የአያ ደሴን ስም ዛሬ በምን አፌ አነሳ ነበር?