«ያለ መድኃኒት» ብዬ የመሰከርኩ ዕለት

ይህ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኩም፤ ለፓስተራችንም አልነገርኩም። ስጸልይ እንኳ እዚያ ላይ ስደርስ «አንተ ታውቀዋለህ» ብዬ አልፈው ነበር። እሱ ማወቁ እኔን ከመናገር የሚያድነኝ ይመስል። ዛሬ ለእናንተ ለማታውቁኝ እጽፈዋለሁ።

የምንኖረው ስዊዘርላንድ፣ ዙሪክ፣ አፎልተርን የሚባል ሰፈር ነው። ልጄ ናታን ሰባት ዓመት ሲሆነው የሚጥል በሽታ ጀመረው። ለሦስተኛ ጊዜ የጣለው ትምህርት ቤት ነው። ሲጥለው በጉንጩ ውስጥ የሚጨመር ፈሳሽ መድኃኒት በቦርሳው ነበረ፤ አስተማሪዋም ታውቃለች። ግን «ሰጥቼው አንድ ነገር ቢሆን ማን ይጠየቃል?» ብላ ፈራች። አምቡላንስ ጠርታ፣ ራሱን በጭኗ ይዛ እያለቀሰች ጠበቀች። አልፈርድባትም። ልጄ ተረፈልኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

የናታን ሐኪም አንዲት የሕፃናት ሐኪም ናቸው። ጀርመንኛውን ከአማርኛው ቀላቅለን «ፍራው ዶክተር» እንላቸዋለን። ጠዋትና ማታ የሚጠጣ ሲሩፕ አዘዙለት። መጠኑን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ትክክለኛውን አገኙለት። ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ሙሉ አልጣለውም።

በዚያው ዓመት ፍራው ዶክተር ከሌሎች የሕፃናት ሐኪሞች ጋር ሆነው ለካንቶኑ፣ ማለትም ለክልሉ፣ ምክር ቤት አንድ የሕግ ሐሳብ አቀረቡ። በየትምህርት ቤቱ መድኃኒቱን መስጠት የተማረ ሰው እንዲኖር፣ የሰጠውም ሰው በሕግ እንዲጠበቅ የሚል ነው። ጉዳዩን የሚያየው ኮሚቴ ሐኪሞቹን ሊሰማ ቀጠረ። ፍራው ዶክተር እኔም እንድናገር ጠየቁኝ።

«እኔ ስናገር ስልካቸውን ነው የሚያዩት» አሉኝ እየሳቁ። «ሐኪም ሥራው መጨነቅ ነው ይላሉ። እናት ስትናገር ግን ስልኩ ይቀመጣል። አሥር ደቂቃ ብቻ ነው፤ አስተርጓሚ አለልዎት።»

እሺ አልኩ። እጃቸውን በሁለት እጄ ይዤ ነው እሺ ያልኳቸው።

ከቀጠሮው ሦስት ሳምንት በፊት ጄኔቭ ላይ የጉባኤ ቀን ነበረን። ባለቤቴ ሥራ ስለነበረው ናታንን ይዤ እኔ ሄድኩ። በየከተማው ያሉ ትንንሽ አጥቢያዎቻችን በዓመት አንድ ጊዜ ይሰበሰባሉ። ከስብከቱ በፊት የምስክርነት ሰዓት አለ። ማይክሮፎኑ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ እግዚአብሔር ያደረገልህን ትናገራለህ። እውነቱን ልናገርና፣ «ሐኪሙም ረድቶኛል» ያለ ሰው የሚያገኘው «አሜን» ቀጭን ነው። ይህን ማንም አላስተማረንም፤ ግን ሁላችንም እናውቀዋለን።

የዙሪክ አጥቢያችን ቅዱሳን ለናታን ጾመው ጸልየውለት ነበር። ማይክሮፎኑ ሲደርሰኝ ሁሉም ዞረው አዩኝ። ተነሣሁ። «ልጄን ስምንት ወር አልጣለውም» አልኩ። ሃሌ ሉያ ተባለ። ይህ እውነት ነው፤ እዚህ ላይ ብቆም ኖሮ ዛሬ የምጽፈው አይኖርም ነበር። እኔ ግን ጨመርኩበት። «ያለ መድኃኒት» አልኩ።

አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። እኔ አለቀስኩ። እንባዬም ውሸት ነበር እንዳልል፣ አልነበረም። እግዚአብሔር ልጄን በፍራው ዶክተር እጅ እንደጠበቀው አምን ነበር፤ አሁንም አምናለሁ። ታዲያ ያንን እጅ ለምን ደበቅሁት?

ስንወጣ እህት ትዕግሥት ደረጃው ላይ ጠበቀችኝ። ጄኔቭ፣ ለዛቫንሼ የሚባል ሰፈር የምትኖር እናት ናት። ልጇ ኤደን እንደ ናታን የሚጥል በሽታ አለባት።

«እህቴ፣ እውነት ትታችሁት ነው? ጭራሽ?» አለችኝ።

የማይክሮፎኑ ውሸት በብዙ ሰው ፊት፣ በደስታ መሃል አምልጦኝ ነው ልበል። ይኼኛውስ? ሁለታችን ብቻ ነበርን። ዓይኗን እያየሁ ነበር።

«ጭራሽ» አልኳት።

ወደ ዙሪክ ስንመለስ ናታን ባቡሩ ውስጥ፣ «ማሚ፣ ነገ ሲሩፕ የለም?» አለኝ።

«አለ።»

«አንቺ ግን የለም ብለሻል። በማይክሮፎን።»

«ትልልቅ ሰዎች ሲናገሩ አይሰማም።»

«በጣም ትልቅ ነበር እኮ ድምፁ!» አለና ሳቀ። ቀጥሎ ዝቅ ብሎ፣ «ጌሃይምኒስ ነው?» አለ። ምስጢር ነው ወይ ማለቱ ነው።

«አዎ፣ ምስጢር ነው» አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ እንግዳ ሲመጣ ሲሩፑን ራሱ መደበቅ ጀመረ። እኔ አሠለጠንኩት።

የኮሚቴው ቀን ቀረበ። እዚያ ቆሜ ልጄ በመድኃኒት እንደሚኖር ከተናገርኩ ወሬው አጥቢያችን ሳይደርስ አይቀርም ብዬ ፈራሁ። ዋዜማውን ለፍራው ዶክተር መልእክት ላክሁላቸው። «ልጄ ደህና ስለሆነ መምጣት አልችልም» የሚል ነው። ያለ እኔ ሄዱ። በኋላ ስጠይቃቸው እንደነገሩኝ፣ አንዱ የምክር ቤት አባል «ይህ በእርግጥ የደረሰበት ቤተሰብ አለ? ወይስ የሐኪሞች ስጋት ነው?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር። የእኔ ወንበር ባዶ ነበር። ሐሳቡ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገሩኝም። «ናታን እንዴት ነው?» አሉኝ፤ መዘኑት፣ ሲሩፑንም አደሱለት። ሕጉ ያለፈው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሌላ እናት ቆማ ስለተናገረች ነው። እነዚያን ሁለት ዓመታት ለየትምህርት ቤቱ ልጆች ያስረዘምኩት እኔ ነኝ።

የኤደን ነገር ግን ሕግ እንኳ የሚመልሰው አልሆነም።

ትዕግሥት ከጉባኤው በኋላ የልጇን መድኃኒት ተወች። ለሐኪም አልነገረችም። በሁለተኛው ወር ኤደንን ጣላት፤ ብዙ ሰዓትም አልተዋት አለ። ሆስፒታል ሳምንታት ቆይታ ነቃች። ዛሬ ቀኝ እጇ እርሳስ አይዝም። ስትናገርም ቃሉን ፈልጋ ፈልጋ ነው የምታመጣው።

ልጠይቃቸው ናታንን ይዤ ጄኔቭ ሄድኩ። ትዕግሥት አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «የጎደለው የእኔ እምነት ነው» አለችኝ። «ያንቺ ድኖ የእኔ የቀረችው ለዚህ ነው።» በዚያች ሰዓት የናታን የማታ ሲሩፕ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረ። ቦርሳው ጉልበቴ ላይ ነበረ። መክፈት ይበቃ ነበር።

እኔ ምን አደረግሁ? ዓይኔን ጨፍኜ ጸለይኩላት። «ጌታ ሆይ፣ እምነቷን ጨምርላት» አልኩ። በሕይወቴ ከተናገርኩት ሁሉ የምፈራው ይህንን ጸሎት ነው። ውሸቴን በእግዚአብሔር ስም አተምኩበት፤ እሷም አሜን አለች።

አምስት ዓመት አለፈ። ናታን አድጓል፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው። ባለፈው ሳምንት ለወጣቶች ካምፕ ልብሱን ሲያዘጋጅ፣ «ማሚ፣ መድኃኒቴን ሻንጣው ውስጥ የት ልደብቀው?» አለኝ። ያዘነም የተቆጣም አይመስልም። ካልሲው የት አለ ብሎ እንደሚጠይቅ ነው የጠየቀኝ። «ከእንግዲህ አይደበቅም» አልኩት።

አላዋቂ ነበርኩ አልልም፤ አውቅ ነበር። ሰው ገፋፋኝ አልልም፤ ማንም «ያለ መድኃኒት በይ» አላለኝም። ለእግዚአብሔር ክብር ብዬ ነው እንዳልል፣ ያ ሁሉ እልልታ ደስ ያለው እኔን ነው። ፍራው ዶክተርንም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ናታንም መድኃኒቱን ከላይ፣ ከፎጣው ጎን አስቀምጦ ሄዷል።

ቅዳሜ ጄኔቭ፣ ወደ ለዛቫንሼ እሄዳለሁ። ይህን ጽሑፍ ማንም ከማየቱ በፊት ትዕግሥት ከአፌ ትሰማዋለች። ልትከፋ፣ በሩን ልትዘጋብኝ ትችላለች፤ መብቷ ነው። እንድትምረኝ አልለምናትም። የምለምናት አንድ ነገር ነው፤ አምስት ዓመት ሙሉ ራሷን የከሰሰችበትን ክስ እንድትተወው። ትዕግሥት፣ እምነትሽ ምንም አልጎደለውም። አምነሽ ነበር፤ ያመንሽው እኔን ነው።