የሰኢድ ዓይንና የእኔ ዓይን

ደሴ ውስጥ እንደ እኔ ልጁን በሥርዓት ያሳደገ አባት የለም። እሺ፣ ከጎረቤቴ ከሰኢድ በስተቀር።

ዛሬ እኔና ልጄ ሰኢድ ቤት ለምሳ ተጠርተን ተቀምጠን ሳለ የሰፈራችን ሽማግሌ ሸህ እንድሪስ ገቡ። ሰኢድ ሴት ልጁን በዓይኑ ብቻ አያት። ብድግ ብላ ቦታዋን ለቀቀችላቸው፤ እጃቸውንም አስታጠበች።

«እደጊ! አላህ ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ!» ብለው መረቋት። እኔ በቅናት አረርኩ።

አባቴ ያንቀጠቅጠኝ በነበረበት ዓይን ልጄ ላይ አፈጠጥኩ።

«አባዬ፣ ዓይንህ ውስጥ ምን ገባ?» አለኝ፣ ጮክ ብሎ። ሰኢድ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

በመጨረሻ ግን የእኔም ልጅ ተነስቶ የሸሁን ጉልበት ስሞ ተመረቀ።

እናንተስ ቤት ዓይን ይሠራል? ጻፉልኝ፤ የማታ የፊደል ትምህርቴን ስለጨረስኩ ኮሜንቱን ራሴ ነኝ የማነበው።

ሰኢድም ስለሚያነበው ግን እውነቱን ልናገር፦ ጉልበት የሳመው ልጄ ሳይሆን እኔ ነኝ። ሸሁም «እደግ!» ብለውኛል።