ባዶው የሽጉጥ ማህደር

አባቴ ሲሞት ወንድሜ ሽጉጡን ወሰደ፤ ለእኔ ማህደሩ ደረሰኝ። «ለሴት መሣሪያ ምኗ ነው?» ተባለና ባዶውን ቆዳ ለማስታወሻ ብለው ሰጡኝ። ያ ቃል እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ማህደሩ ከጣልያን ጊዜ የቀረ ወፍራም ቡኒ ቆዳ ነው። በጎኑ የመወልወያው ዘንግ የሚገባበት ቀጭን ኪስ አለው፤ ማንገቻው ሲበጠስ አባቴ በፍየል ጠፍር ሰፍቶታል። ከእሱ በኋላ ሰቆጣ እያስተማርኩ የሌላውንም መሰብሰብ ጀመርኩ፤ ከጽጽቃ አንድ ማህደር፣ ከሰሃላ ዝናር፣ ከገበያ የጥይት ካዝና ኪስ። ቅቤ አላስነካቸውም፤ በደረቅ ጨርቅ ወልውዬ ሰም እቀባቸዋለሁ። ጎረቤቶቼ «ሽጉጥ የሌላት ታጣቂ» ይሉኛል። ይበሉ።

ዘንድሮ ለአባቴ የሰባት ዓመት ተዝካር ደሃና ሄድኩ። በእኛ ቀዬ የሟች ትጥቅ ለሰው ዓይን ሳይወጣ ተዝካሩ ጎደሎ ነውና ማህደሩንም ይዤ ነበር። ገና እንግዳ ሳይገባ ወንድሜ ሽማግሌ ሰዶ ማህደሩን ጠየቀኝ። ከተላኩት አንዱ፣ የአባቴ የነፍስ አባት የነበሩት ቄስ፣ ማህደር ከሽጉጡ መለየት እንደሌለበት፣ ታላቁም ወንድሜ እንደሆነ ረጋ ብለው አስረዱኝ።

«ደግ ብለዋል አባ» አልኳቸው፤ «እንግዲያው ሽጉጡን ያምጣውና አንድ ላይ ይሁኑ። እኔ እይዛቸዋለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ከኋላቸው የቆመው ወንድሜ አልሳቀም። ቄሱ ሽጉጡ ለማንኛውም ለተዝካሩ መውጣቱ አይቀርምና አምጣው ሲሉት አቀርቅሮ እውነቱን አወጣ። ለካስ ሸጦታል። ገዢው ደግሞ ከነማህደሩ ካልሆነ ብሎ አስጨንቆታል። ወንድሜ እኮ በየዓመት በዓሉ «በአባቴ መሣሪያ ቤቱን እጠብቃለሁ» እያለ ሲምልልን የኖረ ሰው ነው። ደሜ ፈላ። አሁንም ስጽፈው ይፈላል።

ይባስ ብለው ቄሱ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ለሰላም ስትይ ስጪው። ቆዳ እኮ ነው።»

«ቆዳ ከሆነ ሽማግሌ ለምን ተላከበት?» አልኩ። እህት ታስታርቅ፣ እህት ትቻል፣ እህት ትተው፤ ሰልችቶኛል።

ማህደሩን በመቀነቴ ላይ ታጥቄ ወደ ዳሱ ወጣሁ። ጠላ እየቀዳሁ በሰው መሃል ስዞር ባዶነቱን ያላየ አልነበረም። «ሽጉጡስ?» ላለኝ ሁሉ በጣቴ ወንድሜን አሳየሁት።