አጋዘኑን የማይገድል ጥይት

ይህ የደረሰብኝ በፈረንጆቹ 2020 ጥቅምት ወር፣ እዚሁ ላስ ቬጋስ ነው። ዛሬም በአንድ የጠመንጃ መሸጫ ደጃፍ ባለፍኩ ቁጥር በኀፍረት ጆሮዬ ይግላል። ለሌሎች ወላጆች ትምህርት ቢሆን ብዬ ጻፍኩት።

ያኔ የምሠራበት ካዚኖ በኮሮና ምክንያት ሺፍቴን ቀንሶብኝ ነበር። ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ስለማልወድ ዊንቸስተር በሚባለው ሰፈር ባለችው አፓርታማችን ውስጥ ሳነብ እውላለሁ። ትምህርት ቤት ብዙ አልገፋሁም፤ የማውቀውን ሁሉ በራሴ ነው የተማርኩት።

በዚህ መሀል እዚህ የተወለደችው ልጄ ሶስና የአጋዘን ማደኛ ፈቃድ አገኘች። በዚህ ስቴት ፈቃዱ የሚሰጠው በዕጣ ነው። ሴት ልጅና ጠመንጃ ምን አገናኛቸው ብዬ ልቆጣ ስል፣ «አባዬ፣ አንተ በዲቪ አይደል የመጣኸው? እኔም ሎተሪ ወጣልኝ» አለችኝ። 

«ፈርስት ታይሜ ነው፤ አብረን እንሂድ። ከዚያ አብረን እንበላዋለን» ስትል ጨመረች።

የምንኖረው ሁለታችን ብቻ ነን። እሷ ትምህርትም ሥራም ስላላት በአንድ ገበታ የምንቀርበው አልፎ አልፎ ነው። ካደገች ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ጠይቃኝ አታውቅም።

ጭንቀቴ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። እኔ ነፍሱ ሳትወጣ፣ በስመ አብ ተብሎ ያልታረደ ሥጋ በአፌ ዞሮ አያውቅም። ጥይት የገደለው ለእኔ በክት ነው። ልጄን «አልበላልሽም» ማለቱም ከበደኝ።

ስለዚህ ጥይት ማጥናት ጀመርኩ። ስለ ቀለሁ፣ ስለ ባሩዱ፣ ስለ አረሩ አነበብኩ። ጫፉ ለስላሳ የሆነ አረር ሥጋ ውስጥ ሲገባ ይከፈትና እንስሳውን ወዲያው ይገድላል። ድፍን መዳብ የለበሰው ግን ሳይከፈት በስቶ ያልፋል። የእኛማ ይሄ ነው አልኩ። አጋዘኑ ተመትቶ ይወድቃል፤ እኔ ቢላዬን ይዤ እደርሳለሁ፤ ባርኬ አርዳለሁ። እስከዛሬ ማንም ያላሰበው ዘዴ መስሎኝ ኮራሁ።

በዚያ ዓመት ሰው ፈርቶ ጥይቱን ሁሉ ገዝቶ ጨርሶት ነበር። ማስካችንን አድርገን አንድ የጠመንጃ መሸጫ ደጃፍ ተሰልፈን ገባን። ሻጩ ጢሙ ከማስኩ ሥር የወረደ ሽማግሌ ነው። ሶስና ለጠመንጃዋ የሚሆነውን ለስላሳ ጫፍ ጠየቀች።

«ቆይ» አልኩ በዚያው በእንግሊዝኛዬ። «የሚጥል፣ ግን የማይገድል ስጠን።»

«የማይገድል?» አለ ሰውዬው።

«ቶሎ የማይገድል። እኔ እስክደርስ የሚያቆይልኝ።»

«ሲደርሱ ምን ሊያደርጉት ነው?»

«ላርደው ነዋ!» አልኩና፣ እንዲገባው በጣቴ አንገቴ ላይ አሳየሁት።

 ከኋላዬ የነበረችው ሴት ቦርሳዋን አቀፈች።

«አባዬ፣ ፕሊስ!» አለች ሶስና።

ሰውዬው ጠረጴዛው ላይ ተደገፈ። «ጌታዬ፣ ድፍኑን ለአደን መጠቀም እዚህ ክልክል ነው። እንስሳው ቆስሎ ይሮጥና የሆነ ቁጥቋጦ ውስጥ ሲያጣጥር ያድራል። በዚህ ዕድሜዎ ሮጠው ሊይዙት ነው?»

«የመጣሁት ከሯጮች አገር ነው» አልኩት።

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነበር።

ሶስና የተረፈችውን አንድ ፓኮ ለስላሳ ጫፍ ገዝታ ወጣን። መኪና ውስጥ፣ «እንዲሰቃይ አልፈልግም። ሹር ካልሆንኩ አልተኩስም» አለች። ቆየት ብላ ደግሞ፣ «ካልደረስክበት አትበላም ማለት ነው?»

«አልበላም።»

ሬዲዮውን ከፍ አደረገችው።

ቅዳሜ ማለዳ ከከተማው በስተሰሜን ካለ ተራራ ላይ ነበርን። ቢላዬን ስዬ ወገቤ ላይ ታጥቄያለሁ፤ የጫማዬን ክር አጥብቄያለሁ። አንድ ወንድ አጋዘን ከማዶ ብቅ አለ። ሶስና ብዙ ጊዜ ወስዳ አነጣጠረችና ተኮሰች። ወደቀ። ጠመንጃዋን ቆልፋ አስቀመጠችና፣ «ሩጥ አባዬ! ሩጥ!» ብላ ጮኸች።

በስመ አብ እያልኩ ሮጥኩ። ቁልቁለቱ ላይ ጠጠሩ ከዳኝና የቀረውን መንገድ በመቀመጫዬ ወረድኩት። ያ መንገድ ደግሞ እሾህ ብቻ ነው። እንደምንም ተነሥቼ፣ እያነከስኩ ደረስኩ። የአጋዘኑን ዐይን በጣቴ ነካሁት፤ አልተርገበገበም። ጥይቷ ያገኘችው ልቡን ነው።

ሶስና እያለቀሰች መጣች። «ደረስክ?»

አዎ ብላት ማንም አያውቅብኝም ነበር። አብረን በበላን ነበር።

«አልደረስኩም» አልኳት።

«ተሰቃየ?»

«በፍጹም። ያለበት ነው የወደቀው።»

 አቅፋኝ ቆየችና፣ ከዚያ ዞር አድርጋኝ ከሱሪዬ ላይ እሾህ ትነቅልልኝ ጀመር። ለቅሶና ሳቅ አንድ ላይ መጣባት።

ብልቱን በወጉ ያወጣሁት እኔ ነኝ። በማግስቱ በሽንኩርትና በቃሪያ ጥብስ ሠራሁላትና እኔ ሽሮዬን ይዤ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ ጨው የለውም» አለች።

«እኔ በምን ልወቅ? አልቀመስኩት!»

እስኪያስላት ድረስ ሳቀች።

በእምነቴ አላፍርም፤ ዛሬም ያው ነኝ። ያ እንስሳ ቆስሎ እንዲጠብቀኝ መመኘቴ ግን ያሳፍረኛል፤ ሳልደርስበት በመሞቱም ደስ ይለኛል። አብሮ መብላት ማለት ያንኑ ምግብ መብላት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሥጋው እስኪያልቅ ድረስ እሁድ እሁድ እጠብስላት ነበር፤ እሷ ከምድጃው አጠገብ ቆማ ጨው ትቀምስልኝ ነበር።