ተክለ ጊዮርጊስና ሰላህ

ሀኒያ ሰላህ ባሕር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ ቤት ተከራይታ የምትኖር የሥነ ምህዳር ተመራማሪ ናት። ከተማው ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ ታስተምራለች። አባቷ ወረታ ላይ ጨርቅ ይሸጣሉ። ዶክተር ከሆነች በኋላም ቢሆን፣ "ዓሣ ይበሉታል እንጂ ይማሩታል?" ማለታቸውን አልተዉም። ሀኒያ ብዙ ጽፋለች። አብዛኛውን ግን ከተማሪዎቿ በቀር ያነበበው ሰው የለም። በየአገሩ የዞረው አንዱ ብቻ ነው።

ይህ ጥናት አምባዛ ስለሚባለው ዓሣ ነው። አምባዛ ክረምት ሲገባ፣ የርብ ወንዝ ከጣና ጋር በሚገናኝበት ረግረግ ላይ ወጥቶ ይራባል። ረግረጉ ለሩዝ ሲታረስ ዓሣውም እየተመናመነ ይሄዳል። ሐሳቡ የባልደረባዋ የይትባረክ ነበር፤ የይፋግ ልጅ ስለሆነ ቦታውን ያውቀዋል። መረብ እየጣሉ፣ ጭቃ እየረገጡ አብረው ሠሩት። ለመጻፍ ሲቀመጡ ይትባረክ ኩላሊቱን ታመመ። ሀኒያ ብቻዋን ጻፈችና ስሙን ከስሟ አስቀድማ ለጆርናል ላከችው። እሱ ታትሞ ሳያየው ሞተ።

ከዚያ ወዲህ የሌላ አገር ተመራማሪዎች ጥናቱን ይጠቅሱት ጀመር። በተጠቀሰ ቁጥር ስልኳ ላይ መልእክት ይመጣል። መጀመሪያ መጀመሪያ ታለቅስ ነበር። ኋላ ግን ልቅሶው ቀረ። መልእክቱን ታየዋለች፣ ስልኩን በግንባሩ ትደፋዋለች፣ ክፍል ገብታ ታስተምራለች።

ባለፈው ዓመት ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት አመለከተች። የማዕረግ ኮሚቴው ሰብሳቢ ዶክተር አስማማው ቢሮው አስጠራት።

"ችግሩ ምን መሰለሽ፣ ዶክተር፤ በብዛት የተጠቀሰልሽ ይኸ የአምባዛው ነው። እሱ ላይ ደግሞ ሁለተኛ ነሽ። እኛ የምንቆጥረው ለቀዳሚው ጸሐፊ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"የጻፍሽው አንቺ እንደሆንሽ ያላወቀ የለም። ለጆርናሉ ንገሪያቸውና የስሙን ተራ ይለውጡልሽ። የሞተ ሰው ማዕረግ ምን ያደርግለታል?"

ሀኒያ መቆጣት እንዳለባት ታወቃት። ትንሽ ጠበቀች፤ ቁጣው አልመጣም።

"ተራው ልክ ነው። ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ" አለችና ወጣች። በዚያ ዓመት ማዕረጉን አላገኘችም።

ክረምት ላይ ዓሣ ልትቆጥር ወደ ይፋግ ወረደች። የይትባረክ እናት የወይዘሮ ባንቺአየሁ ቤት መንገዷ ላይ ነበር፤ ከሙት ዓመቱ ወዲህ ረግጣው አታውቅምና ጎራ አለች። ወይዘሮ ባንቺአየሁ ደጅ ተቀምጠው ሩዝ ይለቅማሉ። ከጎናቸው አስቀመጧት።

"ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ። ጠፋሁ።"

"ሥራ ነው፣ ልጄ። ምነው እንዲህ ከሳሽ?"

ሀኒያ፣ "የይትባረክን ጥናት ዛሬም ያነሱታል። ብራዚል ድረስ" አለች።

"ስሙን ጠርተው?"

ሀኒያ አመነታች። "ፈረንጆቹ በአባት ስም ነው የሚጠሩ። 'ተክለ ጊዮርጊስና ሰላህ' ብለው ነው የሚጽፉት።"

የወይዘሮዋ እጅ ሩዙ ላይ ቆመ። ተክለ ጊዮርጊስ ሟች ባለቤታቸው ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ነበር። ይትባረክን ከትምህርት ቤት አውጥቶ ከበሬ ኋላ ያሰለፈውም፣ እሳቸው ልጁን ወንድማቸው ቤት ልከው በማስተማራቸው ዓመት ሙሉ ያኮረፋቸውም እሱ ነው።

"ተክለ ጊዮርጊስ!" አሉ። "ያንን ረግረግ ከሁሉ ቀድሞ ያረሰ እሱ አይደለም እንዴ! እሱን ነው ብራዚል የሚጠራው?"

"እሱን ነው።"

"ሰላህስ ማን ነው?"

"አባቴ ናቸው። ወረታ ጨርቅ ይሸጣሉ።"

"ይተዋወቁ ነበር?"

"የለም።"

ወይዘሮ ባንቺአየሁ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሀኒያም አብራ ልትስቅ ከንፈሯን ከፈተች፤ ሳቁ ግን አልወጣም። እሳቸው አዩዋት።

"ምን ሆነሻል?"

"ምንም አይሰማኝም፣ እማማ። ከሞተ ወዲህ ደስታውም ኀዘኑም የለም።"

ወይዘሮዋ ሊያጽናኗት አልሞከሩም። "እኔም አንዳንድ ቀን እንደዚያ ነኝ" አሉና ወደ ሩዙ ተመለሱ። ሀኒያም ከሰፌዱ ጠርዝ ጠጠር ትለቅም ጀመር። ስትነሳ እጇን ይዘው፣ "አባትሽን ንገሪያቸው። ስማቸው ከእኛ ሰውዬ ጋር እንደሚዞር ይወቁት" አሏት።

በማግስቱ ረግረጉ ላይ መረብ ጣለች። የወጣው አምባዛ ጥቂት ነበር፤ መዘነች፣ ለካች፣ ወደ ውሃው መለሰች።

ወረታ ስትደርስ ለአባቷ ነገረቻቸው። እሳቸው ጨርቁን ማጠፋቸውን ሳያቆሙ፣ "ለመሆኑ ሰውዬው ደግ ሰው ነበር?" ብለው ጠየቁ።

ማዕረጉ በዓመቱ መጣ፤ ጣናን ስለወረረው እምቦጭ አረም ብቻዋን በጻፈችው፣ እስካሁን እምብዛም ሰው ባልጠቀሰው ጽሑፍ። ባልደረቦቿ ኬክ ገዝተው ጠበቋት። ድርሻዋን በላች፣ አመሰገነች፣ የተማሪዎቿን ፈተና ልታርም ቢሮዋ ገባች።