ማህፀኔ ከወጣ በኋላ የበቀለው ዕጢ

ሐኪሙ አልትራሳውንዱ አጠገብ ቆሟል። ወንድሜ መስኮቱ ሥር፣ ልጄ በሩን ተደግፋ። እኔ አልጋው ላይ ነበርኩ፤ ሆዴ ላይ የቀቡኝ ጄል ገና አልተጠረገም። ሐኪሙ ወንድሜን አየው፤ ወንድሜ ልጄን አያት።

"እማዬ፣ እስኪ ውጭ አረፍ በይ" አለችኝ።

ወጣሁ። በሩ ተዘጋ።

ዳንግላ ሐኪም ቤት የሄድነው ሆዴ ስለገፋ ነው። መጀመሪያ የተሰማኝ ከእምብርቴ በታች የሚከብድ ነገር ነበር፤ በጎኔ ስተኛ አብሮኝ ይዞራል። ቀጥሎ መቀነቴ አጠረኝ። ማህፀኔ ማዮማ በሚባል የማህፀን ዕጢ ምክንያት ከወጣ ብዙ ዓመት ስለሆነው ከዚያ ጋር አላገናኘሁትም። ውፍረት ነው ብዬ ዝም አልኩ።

ከዚያ ቀን በኋላ እንጅባራ ያለው ቤቴ ሰው በዛበት። ስለ ሕመሜ ግን የሚያነሳ የለም። ልጄ "የሆድ ድርቀት ነው" አለችኝ፤ ጾሙንም እንድተው ለመነችኝ። በእርሻ ድንበር ዘወትር የሚሞግተኝ ወንድሜ ከአዘና ማር ይዞልኝ መጣ። ድንበሩን አላነሳም። እንደምሞት የገባኝ ከማሩ ነው። ሰው መሀል ተቀምጬ ብቻዬን ነበርኩ።

እንደ ወትሮው የምታናግረኝ ጎረቤቴ ባለሱቋ ዘይነባ ብቻ ነበረች።

"አንቺ፣ በዚህ ዕድሜሽ ማንን ልትወልጂ ነው?"

"እነሱ ያውቃሉ፤ አይነግሩኝም" አልኳት።

"ሆዱ ያንቺ፣ ወሬው የነሱ? ሂጂና ጠይቂያ!"

ብቻዬን ወደ ዳንግላ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሐኪሙ ሲያየኝ ደነገጠ።

"ሆድ ዕቃዎ ውስጥ ብዙ ቦታ ዕጢ አለ" አለኝ። "ካንሰር መሆን አለመሆኑ በናሙና ካልታየ አይታወቅም ብዬ ለቤተሰብዎ ነግሬያቸው ነበር። ብረት ከነካው ይብስበታል ብለው እምቢ አሉ።"

"ዶክተር፣ እኔን ግን የጠየቀኝ የለም።"

"እውነትዎን ነው፣ እናቴ።"

መርፌው ገባ። አመመኝ። ናሙናው ባሕር ዳር ሄደ። ጠበቅሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

ውጤቱን ራሴ ሰማሁ፤ ለልጄና ለወንድሜም የነገርኳቸው እኔው ነኝ። ሌዮማዮማ ነው። ካንሰር አይደለም። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ፣ እንደ ማህፀን ማዮማ ከለስላሳ ጡንቻ የሚነሳ ዕጢ ሲሆን፣ ማህፀን በቀዶ ሕክምና ሲወጣ የቀረች ቁራጭ የሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ ተጣብቃ ልታድግ ትችላለች፤ የሚያጋጥመውም ጥቂት ሴቶችን ነው። ባሕር ዳር ላይ ትልልቆቹን አወጡልኝ፤ ትንንሾቹ በክትትል ቀሩ። ቁስሉ እየጠገገ ሲመጣ ጠዋት ጠዋት ከቀርከሃው አጥር ሥር ፀሐይ እየሞቅሁ፣ ቀስ በቀስም እስከ ዘይነባ ሱቅ እየተራመድኩ፣ መቀነቴን እንደ ድሮው ደራርቤ ለማሰር በቃሁ።

ሐኪሞቹንና ነርሶቹን አመሰግናለሁ። ዘይነባንም። ልጄንም፤ ቁስሌን ያጠበችው እሷ ናት። እንደኔ ማህፀናችሁ የወጣላችሁ እህቶች፣ ሆዳችሁ ከገፋ በዕድሜ አታሳብቡ። የድሮውን ቀዶ ሕክምና ለሐኪሙ ንገሩ። ናሙና ሳይታይ ተስፋ አትቁረጡ። ውጭ ቆዩ ሲሏችሁ አትውጡ።

ባለፈው ክትትሌ የዳንግላው ሐኪም እዚያው ማሽኑ አጠገብ ቆመ፤ ወንድሜ መስኮቱ ሥር፣ ልጄ በሩ ላይ። ሐኪሙ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ የቀሩት ዕጢዎች እንዳላደጉ ነገረኝ።

ወንድሜ ባርኔጣውን በእጁ እያሻሸ "እታለም፣ ላንቺው ብለን እኮ ነው" አለ።

"አውቃለሁ" አልኩት። "የድንበሩን ነገር እሑድ እንነጋገራለን።"

ነጠላዬን ለበስኩና ቀድሜያቸው ወጣሁ።